ከወለቃ እስከ ሳንቃበር፦ ሽበት የሚይዘው ብረት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ወለቃ ላይ ዓይኑ የሚያርፈው ሸክላው ላይ ነው። ዛፍና ድንጋይ ላይ የተለጠፈውን ሽበት ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የአየር ብክለት ለሚያጠና ሰው ግን ዋናው ነገር እሱ ነው።

በሽበትና በመሰሎቹ የአየር ብክለትን የመለካት ዘዴ የበለጸገው በሰሜን አውሮፓና በዋልታ አካባቢ ነው። በአንታርክቲካ አበባ የሚያወጡ አገር በቀል ተክሎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚለኩት ሞስ የሚባለውን ትንሽ ለምለም ተክልና ሽበትን ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ ቅጠሉንም እንደ ሌሎች ተክሎች ወፍራም ሰም አይሸፍነውም። ውሃውንና ምግቡን ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአቧራ ስለሚወስድ፣ ነፋስ ያመጣው እርሳስና ካድሚየም ገላው ውስጥ ይከማቻል። ሽበትም እንዲሁ ነው (በሳይንሱ ተክል ሳይሆን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው)። አላስካ ውስጥ ሬድ ዶግ ከሚባለው የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር የበቀለ ሞስ ተለክቶ፣ እርሳሱና ካድሚየሙ ከመንገዱ በተራቀ ቁጥር እየቀነሰ ተገኝቷል።

አለካኩ ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለውም። የአውሮፓ ደንብ ናሙናው ከዋና መንገድ ቢያንስ 300 ሜትር ርቆ እንዲወሰድና የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት እድገት ብቻ እንዲለይ ያዛል። ናሙናው ይደርቃል፣ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ በመሣሪያ ይለካል፤ ውጤቱ ሚሊግራም በኪሎግራም ይጻፋል።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ በተለይ እኛ ዘንድ። የሰሜን ተራሮች የቆሙት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። ባዛልት የሚባለው ይህ ዐለት በተፈጥሮው ብረት፣ ታይታኒየም፣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና መዳብ አለው። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ የዚያ ዐለት ዱቄት ተነሥቶ ሽበቱ ላይ ያርፋል። እንግዲህ አንድ ኬሚስት እዚያው ተራሮቹ ውስጥ ሳንቃበር ላይ ከአስታ ዛፍ ሽበት ለቅሞ ብዙ ክሮሚየም ቢያገኝ ማንን ይክሰስ? መኪናውን ወይስ ተራራውን?

መውጫው ጥምርታ ነው። ከብክለት ይልቅ ከአፈር የሚመጣ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ አሉሚኒየም፣ አብሮ ይለካል። እርሳሱ በሽበቱ ውስጥ ለአሉሚኒየሙ ያለው ድርሻ በአካባቢው አፈር ካለው ድርሻ ጋር ከተቀራረበ ነገሩ አቧራ ነው። ብዙ እጥፍ ከበለጠ ሌላ ምንጭ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የአካባቢውን አፈር ትተው የዓለምን የመሬት ቅርፊት አማካይ በመውሰዳቸው ነው። በዚያ መለኪያ ማንም ያልነካው የሰሜን ባዛልት ራሱ በክሮሚየም የተበከለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ከሽበቱ ጋር አንድ እፍኝ አፈር ያልያዘ ተመራማሪ ግማሽ ሥራ ሠርቶ ተመልሷል ባይ ነኝ።

ወለቃ መንገድ ዳር የሚሻሉት ምስክሮች ሌሎች ናቸው፦ ከፍሬን ሸራ የሚወጣው አንቲሞኒ፣ ከጎማ የሚረግፈው ዚንክ፣ እንዲሁም እርሳስ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ትተዋል፤ አፈር የያዘው እርሳስ ግን በቀላሉ አይለቅም፣ አቧራ ሲነሣም አብሮ ይነሣል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ በሚጠጡ ማሳዎች ላይ የቆስጣና የሰላጣ ብረታ ብረት ተጠንቷል፤ እሱ ለምግባችን የሚያሳስብ ሌላ ጥያቄ ነው። ቆስጣ በሥሩ ከአፈርና ከመስኖ ውሃም ስለሚወስድ ስለ አየሩ ብቻውን አይመሰክርም።

ድሮ በአየሩ ውስጥ ምን ያህል እርሳስ ነበር ለሚለው ደረቅ ናሙና መልስ አለው። ሩህሊንግና ቲለር የተባሉ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት ከ1860 ጀምሮ በሙዚየም የተቀመጡ ሞሶችን ለክተው፣ እርሳሱ መጀመሪያ በድንጋይ ከሰል ዘመን፣ በኋላም በቤንዚን ዘመን መጨመሩን አሳዩ። ለእኛም የሚመረመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ የመጣውና በ1878 ዓድዋ ላይ ያረፈው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው ተክሎች በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ባዜቃን ከእነሱ መለካት አይታመንም፤ የዚያ ዘመን ሰብሳቢዎች ነፍሳት እንዳይበሉባቸው ደረቅ ተክልን በባዜቃ ጨው ይቀቡ ነበርና። ለእርሳስ ግን ከእነሱ የተሻለ መነሻ አይገኝም፤ የተለቀሙት አንድም መኪና በዚያ ሳያልፍ ነው።