በዕድሜ እኩሌታ የክረምት ደስታና የመስከረም ጉዞ

የሰው ዕድሜ እንደ ዓመቱ ወራት የየራሱ ጊዜ አለው። በልጅነት ደስታ ሳይጠራ ይመጣል፤ በጐልማሳነት መጀመሪያ ሥራና ሹመት፥ ትዳርና ልጅ ማሳደግ ልብን ሁሉ ይይዙታል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን ሰው ቆም ብሎ «የደከምሁበትን መቼ አየዋለሁ?» እያለ ራሱን የሚጠይቅበት ወራት ይደርሳል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ የዕድሜ እኩሌታ ነው። የምንለውም ባጭሩ ይህ ነው፤ ደስታን ለጡረታ ዘመን ቀጠሮ ከመስጠት ይልቅ በእጃችን ካለው ከየዕለቱና ከየወራቱ ልንወስደው ይገባናል።

አውሮፓውያን በሐምሌና በነሐሴ ፀሓይ ሲበረታላቸው ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርዳሉ። በፈረንሳይ አገር በ1928 ዓ. ም. የወጣው ሕግ ለሠራተኛው ደመወዙ ሳይቈረጥ የ15 ቀን ዕረፍት ከሰጠው ወዲህ፥ ቀድሞ የባለጠጎች የነበረው ይህ ልማድ ለብዙው ሕዝብ ደርሶአል። በደብረ ማርቆስ ግን እነዚያው ወራት የዝናምና የጭጋግ ናቸው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ ብርዱ ይጠናል፤ ጭቃውም እግር ይይዛል። ስለዚህ የእኛ ደስታ ሁለት ክፍል አለው፤ ክረምቱ ሳለ በቤት፥ መስከረም ሲጠባ በመንገድ።

የቤቱን እናስቀድም። ከቢሮ የተመለሰ ሹም ካፖርቱን አውልቆ ከምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ፥ ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲመታ፥ የበቆሎ እሸት በፍሙ ላይ ሲጠበስ፥ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲቀዳ ከዚህ የሚበልጥ ምን ግብዣ አለ? ነገር ግን ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት አካላችን ከቤት ይገባል እንጂ ልባችን ከመዝገብ ቤት አይወጣም። ከሳምንቱ አንድ ምሽት እንኳ ጽሕፈቱን ከቢሮ ትቶ መግባት ለቤተ ሰብ ትልቅ ስጦታ ነው። በዚያ ምሽት ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ይባል እንደ ነበር፥ ኋላም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ እንደ ተባለ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በ1873 ዓ. ም. እንደ ነገሡ ለልጆች ቢነገራቸው ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ልባቸውን ያቀናዋል። ነሐሴ 13 ቀንም ለቡሔ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ሲቆሙ ሙልሙሉን በአሽከር እጅ ከመላክ ይልቅ የቤቱ ጌታና እመቤት ራሳቸው ወጥተው ቢሰጡ፥ የጅራፉንም ድምፅ ከልጆቹ ጋራ ቢሰሙ፥ የራሳቸው ልጅነት ትዝ ይላቸዋል።

«ዕድሜዬ ከሄደ ወዲህ ምን ደስታ አለኝ?» የሚል አይጠፋም። የጐጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ. ም. ተወልደው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ. ም. ነው። በልጅነት የታየውን አገር በበሰለ ዕድሜ መልሶ ማየት እንዲህ ያለ ፍሬ ይሰጣል። ወጣት በመንገድ ሲያልፍ መድረሻውን ያስባል፤ ዕድሜው የበሰለ ሰው ግን መንገዱን ያያል።

ይሁን እንጂ ቀጠሮ ማብዛት ይህን ዕድል ያጠፋዋል። አንድ የምናውቃቸው ሹም ነበሩ። ባለቤታቸው ከሠርጋቸው ጀምሮ ግሽ ዓባይን ለማየት ይመኙ ነበር። ሹሙም በየዓመቱ «ዘንድሮ ሥራ በዝቶአል፤ ለከርሞ እንሄዳለን» ይሉ ነበር። ለከርሞ፥ ለከርሞ ሲባል ጡረታ ደረሰ። ያን ጊዜ ጊዜውም መኪናውም ተገኘ፤ የእመቤቲቱ ጕልበት ግን ታመመ። «እንግዲህ እርስዎ ደርሰው ይምጡና ይንገሩኝ» አሉአቸው። እርሳቸውም ብቻቸውን ለመሄድ ልባቸው እምቢ ስላለ እስከ ዛሬ አልሄዱም።

በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይህን የሰው ጠባይ ያወቀ ይመስላል። አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ በዕረፍቱ ፈንታ ገንዘብ መቀበልንም ይከለክላል፤ ዕረፍቱም ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይተላለፍ ይወስናል። አዋጁ ለሠራተኛ ቢወጣም ምክሩ ለሹምም ይሆናል።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው ከሁሉ የሚቀርበን የጮቄ ተራራ ነው። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በላዩ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ፤ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ዘወትር የምንሻገረውን ውኃ ከምንጩ ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው! ወደ አዲስ አበባ የሚሄድም በደጀን ጫፍ ላይ ጥቂት ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ይመልከት። ከብርዱ አገር ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ሲወርድ ቆላው በሙቀቱ ይቀበለዋል፤ ከታችም የቀድሞው ድልድይና አዲሱ ጐን ለጐን ይታያሉ።

በሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ ግን የተለየ ነው። ያን ታናሽ ምንጭ ለማየት ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ. ም. ደርሶአል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም 40 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በ1763 ዓ. ም. ባሕርና በረሓ አቋርጦ መጥቶአል። እነዚያ ከሩቅ አገር ሲመጡ እኛ ጐረቤቶቹ ሳናየው ማርጀታችን ያሳዝናል።

ለጉዞው ብዙ አጀብ አያስፈልግም። ስንቅ፥ የዝናም ልብስና ምርኩዝ ይበቃል። ወዴት እንደሚኬድ የቤቱ እመቤት ትምረጥ፤ ልጆችም ካደጉ ይከተሉ፤ ሹሙም በደረሰበት አገር እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ እንግዳ ይቀመጥ።

ደግሞ የመንገዱን ሰላም ሳይጠይቅ ማንም አይነሣ። ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በየጊዜው መንገድ ዘግቶ ብዙ ሰው ካሰበበት አስቀርቶአል። መንገዱ ክፍት በነበረበት ዘመን «ለከርሞ» ያለ ሁሉ ዛሬ የቀጠሮን ዋጋ ተረድቶታል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ግን ደስታ አብሮ አይዘጋም፤ ምድጃው፥ ቡናውና የልጆቹ ጨዋታ ከደጃፋችን ውስጥ ናቸው። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ በዚያው ዓመት እንነሣ። መጪውን መስከረም በሰላም ያድርሰን።