የድንች ዕድሜና የዋግ በሽታ

ገበሬዎች ዋግ ወይም ምች የሚሉት የድንች በሽታ ለምለሙን ማሳ በጥቂት ቀን ውስጥ ያጠፋል። ነገር ግን ተክሉን በዕድሜው ሁሉ በእኩል ኃይል አያጠቃውም። ስለዚህ ድንቹ መቼ እንደ ተተከለ ማወቅና ማሰብ ከጥፋት መዳኛው አንዱ መንገድ ነው።

የበሽታው ምክንያት ሊቃውንት ፊቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚሉት፤ ሻጋታን የሚመስል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። በነፋስና በዝናብ ጠብታ ይዛመታል፤ አየሩ ቀዝቅዞ ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይም ይበረታል። በቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ነጠብጣብ ይታይና ኋላ ይጠቁራል።

እንደ ዘሩ ዓይነት ልዩነት ቢኖርም፤ ገና የበቀለ ቡቃያ ለበሽታው ደካማ ነው። ቅጠሉን እያበዛ በሚያድግበት ጊዜ የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል። ካበበና ኃይሉን ከመሬት በታች ላለው ድንች ማዋል ከጀመረ በኋላ ግን እንደ ገና ይደክማል፤ ይልቁንም ያረጁት የታችኞቹ ቅጠሎች ይጠቃሉ። በዚሁ ጊዜ ቅጠሉ መስመሩን ሸፍኖ ስለሚጋጠም እርጥበቱ ቶሎ አይደርቅም።

ጊዜው የሚያመጣውን ልዩነት የአየርላንድ ረኃብ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. በሽታው በዚያ አገር የታየው በመስከረም ወር ስለ ነበረ፤ ቀድሞ የደረሰው ድንች ተረፈ። በ1846 ዓ.ም. ግን ከሐምሌ ወር ጀምሮ ስለ መጣ፤ ድንቹ ሳይፋፋ ቅጠሉ ጠፋ፤ የምርቱም አብዛኛው ክፍል ተበላሸ። እስከ 1852 ዓ.ም. ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ።

በኢትዮጵያ ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበረታ ስለሆነ፤ በክረምት የሚተከል ድንች በጊዜው ቢተከል ዝናቡ ሳይከብድ ለማደግ ፋታ ያገኛል። ቅጠሉ መጋጠም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የታችኞቹን ቅጠሎች በየጊዜው መመርመር፤ ሥሩን በአፈር ማልበስ፤ በሽታው ከበረታም አገዳውን አጭዶ ከማሳው ማራቅና ድንቹን ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በደረቅ ቀን መቆፈር ይገባል።

ንጹሕ ዘር የሚያድሉ ሹማምንትም ይህን ሊያስቡ ይገባቸዋል። ዘር ዘግይቶ በደረሰ ቁጥር የተክሉ ደካማ ዕድሜ ከከባዱ ዝናብ ጋራ ይገናኛል፤ ጉዳቱም በገበሬው ጎተራና በከተማው ገበያ ላይ ይታያል።