የኮንዶሚኒየም ሥራ ማስተዳደሪያ ክፍያ

የኮንዶሚኒየም ሥራ ማስተዳደሪያ ክፍያ በጋራ ሕንፃ ላይ ጥገና ወይም ግንባታ ሲካሄድ ከሥራው ዋጋ በላይ ከቤት ባለቤቶች የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ምክንያቱ ተቋራጭ መፈለግ፣ ሥራውን መቆጣጠር ወይም ሒሳብ መያዝ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ በራሱ ስም አይጠራም። «ለጣሪያ» ወይም «ለውኃ ፓምፕ» በሚባለው መዋጮ ውስጥ ተደምሮ ይመጣል። ስለዚህ ክፍያውን ለመቃወም የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ከሥራው ዋጋ ተነጥሎ እንዲታይ ማድረግ አለበት።

ሕጋዊ መሠረት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1281 ጀምሮ ባለ ፎቅ ቤትን ለብዙ ባለቤቶች ስለማከፋፈል ደንግጎ ነበር። ኮንዶሚኒየም በስፋት መሠራት ሲጀምር ግን ዋናው ሕግ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሆነ። በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቤት ባለቤት ሲሆን ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳውና የመሳሰለው ደግሞ የሁሉም ነው። ይህን የጋራ ንብረት የሚያስተዳድረው የሕግ ሰውነት ያለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባዔ፣ ቦርድና መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ለጋራ ወጪም ከአባላቱ መዋጮ ይሰበስባል።

መሬቱ የመንግሥት ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። ይሁንና እንደ እንግሊዝ አገር ከባለቤቶቹ በላይ ሆኖ ሕንፃውን የያዘና ክፍያ የሚጠይቅ አከራይ የለም። የሚያስከፍለው የጎረቤቶች ማኅበር ነው። ይህ ነገሩን የሚያቀልል ይመስላል፤ በተግባር ግን ሊቀመንበሩን በየቀኑ ደረጃ ላይ ለሚያገኘው ሰው ደረሰኝ መጠየቅ ከባድ ነው።

በየካና በአካባቢው

የካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ የተዘረጋ ሲሆን ከአቀበቱ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ለደጋፊ ግንብና ለውኃ መውረጃ ቦይ ብዙ ወጪ ያስወጣል። በየካ ስም የሚጠራውን የካ አባዶን የመሳሰሉ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የተገነቡት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ሲቋቋም የሰሜን ምሥራቁ አስተዳደር ስለተለወጠ፣ አቤቱታ ያለው ሰው የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚመለከተው አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

ከቦይ ጋር በተያያዘ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ መነሳት አለበት፦ ቦዩ የብሎኩ ነው ወይስ የከተማው? ከመንገድ የሚመጣውን ውኃ የሚቀበል የከተማ መሠረተ ልማት ከሆነ ነዋሪው እንዲያሠራው መጠየቁ ራሱ አከራካሪ ነው። የጣሪያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የሚያፈሰው ከላይኛው ፎቅ ቤት በላይ ቢሆንም ጣሪያው የጋራ ስለሆነ የምድር ቤቱም ባለቤት ይከፍላል። በ40/60 ፕሮግራም በተሠሩት ከፍ ያሉ ሕንፃዎች ደግሞ የምድር ሱቅ ባለቤቶች «ሊፍት አንጠቀምም» ይላሉ። መዋጮው የባለቤትነት ድርሻን እንጂ የአጠቃቀምን መጠን ካልተከተለ ይህ መከራከሪያ ብቻውን ደካማ ነው።

የክፍፍሉ ሒሳብ

ለምሳሌ አንድ ብሎክ 12 ባለ 30 ካሬ ሜትርና 12 ባለ 60 ካሬ ሜትር ቤቶች አሉት እንበል። የጣሪያ ሥራው 540,000 ብር ቢፈጅና ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ቤት 22,500 ብር ይደርሰዋል። ድርሻው በወለል ስፋት ከሆነ ግን ትንሹ ቤት 15,000፣ ትልቁ 30,000 ብር ይከፍላል። 10 በመቶ ማስተዳደሪያ ሲጨመር ሌላ 54,000 ብር ይመጣል። ከሁለቱ ክፍፍሎች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በሕንፃው የተመዘገበ ሰነድና በመተዳደሪያ ደንቡ እንጂ በስብሰባ ላይ በጮኸው ሰው አይደለም። የማስተዳደሪያው 54,000 ብርም ሥራ ተሠርቶበት መሆን አለበት። የቦርድ አባላት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ከሆነና ቁጥጥሩን የሠራ መሐንዲስ ከሌለ ገንዘቡ ለምን እንደተጠየቀ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አቃቂር የማቅረቢያው መንገድ

መጀመሪያ የሚጠየቁት የጉባዔው ቃለ ጉባዔ፣ የቀረቡት የዋጋ ማቅረቢያዎች፣ የተቋራጩ ውልና ደረሰኞች ናቸው። ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ የተቀበለው ሰው ፈርሞበት ቅጂው መያዝ አለበት። ማኅበሩ ካልመለሰ ወደ ክፍለ ከተማው የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ካልተፈታም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2001 መሠረት ግዴታ አለብህ የሚል ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት ስላለበት፣ ደንብና የጉባዔ ውሳኔ ማሳየት የማኅበሩ ሸክም ነው።

ከሁሉ በላይ ሰዎች የሚሳሳቱት አከፋፈል ላይ ነው። አንቀጽ 2164 መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 2165 ግን ግዴታ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ የከፈለውን ሰው ይህን መብት ይነፍገዋል። ስለዚህ አከራካሪውን ገንዘብ ዝም ብሎ ከፍሎ በኋላ መክሰስ አደጋ አለው፤ «የምከፍለው ተቃውሞዬን ጠብቄ ነው» የሚል ደብዳቤ አብሮ ማስገባት ይሻላል። ጠቅላላውን መዋጮ ማቆምም ለጥበቃና ለጽዳት የሚገባውን ስለሚነካ፣ ያልተካደውን ከፍሎ በተካደው ላይ ብቻ መከራከር የተሻለ አቋም ነው።

በእንግሊዝ

በእንግሊዝ የ1985 እ.ኤ.አ. የአከራይና ተከራይ ሕግ የሊዝ ባለይዞታን ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል የሕንፃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለይዞታዎቹ እንዲመከሩ ያስገድዳል። ምክክሩ ካልተደረገ፣ ልዩ ጉባዔው ካልፈቀደ በቀር፣ ከእያንዳንዱ ባለይዞታ የሚሰበሰበው በዚሁ መጠን ይወሰናል። የማስተዳደሪያው ክፍያ ምክንያታዊ መሆን አለመሆኑንም ባለይዞታው ወደዚያው ጉባዔ ወስዶ ማስመርመር ይችላል።