«ልጄ፣ ሥራሽ ይሄ ነው?»

ለመስቀል ከአዲስ አበባ ቆሼ የገባች አንዲት ወጣት እናስብ። ሥራዋ ግራፊክ ዲዛይን ነው። ክትፎው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ አያቷ «እስቲ የምትሠሪውን አሳዪኝ» ይሏታል። ስልኳን ከፍታ ትሰጣቸዋለች። መጀመሪያ የሚወጣው የማረቆ በርበሬ ማሸጊያ ነው። አያት የአገራቸውን በርበሬ ሲያዩ ደስ ብሏቸው ይመርቋታል። ቀጥሎ የቢራ ፖስተር፣ ከዚያም የኮንዶም ማስታወቂያ ይመጣል። ቤቱ ጸጥ ይላል። አባት «አሁኑኑ አጥፊው!» ይላሉ። ልጅቷ ግን አሁን ያለችበትን ሥራ ያገኘችው በእነዚያ ሁለት ሥራዎች ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ቤት ሊያጋጥም ይችላል። ዲዛይነር ሥራዎቹን መርጦ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥበት ገጽ ፖርትፎሊዮ ይባላል። አናጺ ሠርቶ በሩ ላይ እንደሚያቆመው ቁም ሣጥን ማለት ነው፤ ቀጣሪ የሰውየውን ሙያ የሚለካው እሱን አይቶ ነው። ስለዚህ «አጥፊው» ማለት እንጀራዋን መንካት ነው።

ለአዋቂ የተሠራ ሁሉ ነውር አይደለም። ኤችአይቪ በየመንደሩ ሐዘን ባስገባበት ዘመን እንደ ሕይወት ትረስት ያሉ ኮንዶሞች ሰው ዘንድ የደረሱት ማሸጊያውንና ፖስተሩን የሠሩ ባለሙያዎች ስለነበሩ ጭምር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም የብልግና ምስልን ሲከለክል፣ የጥበብና የሳይንስ ሥራን ከዚያ ለይቶ ያያል።

ነገር ግን የተፈቀደ ሁሉ ለሁሉም ዕድሜ ይታያል ማለት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ከልክሏል። የቢራ ፖስተር የሠራች ልጅ ሥራዋን ለቀጣሪ ማሳየቷ ተገቢ ነው፤ የአሥር ዓመት ወንድሟ በስልኳ ሲጫወት ድንገት እንዳያገኘው ማድረግም የእሷ ኃላፊነት ነው።

መላው ቤታችን ውስጥ አለ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ ጓዳ የሚገባው ግን የተፈቀደለት ነው። ፖርትፎሊዮም እንዲሁ ይከፈል። በርበሬው፣ የትምህርት ቤቱ አርማና የመጽሐፉ ሽፋን ፊት ለፊት ይሁኑ። የቢራው፣ የኮንዶሙና ደም የሚታይበት የፊልም ፖስተር በሌላ ገጽ ይቀመጡ፤ ከመከፈታቸው በፊትም «ለአዋቂዎች የተሠራ የማስታወቂያ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ይቅደማቸው። ለዚያ ገጽ የሚመረጠው የሽፋን ምስልም ጨዋ ይሁን፤ ሳይነካ የሚታየው እሱ ነውና።

ብዙ ዲዛይነሮች የሚጠቀሙበት ቢሃንስ አንድን ሥራ ለአዋቂ ብሎ ምልክት ለማድረግ ያስችላል። በዎርድፕሬስ ድረ ገጽ የሠራ ደግሞ ገጹን በይለፍ ቃል ቆልፎ፣ ቃሉን ለቀጣሪው ብቻ መላክ ይችላል። ለሁሉም ክፍት በሆነ የቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ግን ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ይታያል። እዚያ የሳሎኑን ብቻ መለጠፍ ይሻላል።

ከሥራዎቹ ጎን ሁለት ሦስት መስመር ማብራሪያ መጻፍም ይረዳል፤ ማን እንዳሠራው፣ ለማን እንደታሰበ፣ የእሷ ድርሻ የትኛው እንደነበር። ያለ ማብራሪያ የተቀመጠ የኮንዶም ፖስተር ያስደነግጣል፤ «ወጣቶችን ከበሽታ ለመጠበቅ የተሠራ» ሲባል ግን ሥራነቱ ይታያል። ደንበኛው እንዳይታይ የጠየቀውን ሥራ ደግሞ ያለ ፈቃዱ ማውጣት አይገባም።

ወላጆችና አያቶችም ድርሻ አለን። ያልጠበቅነውን ስናይ ከቁጣ በፊት «ይህን ማን አሠራሽ? ለምን?» ብለን እንጠይቅ። ልጃችን ልክ ያልሆነ ነገር ሠርታ ከሆነ ያን ጊዜ መምከር እንችላለን። ሳንጠይቅ ብንጮህ ግን ሥራዋን አትተወውም፤ ለእኛ ማሳየቱን ነው የምትተወው። ኋላ ብትቸገር ወይም ደመወዟን የሚከለክል ቀጣሪ ቢያጋጥማትም ቀድመን የምንሰማው እኛ አንሆንም።

የቆሼዋ ልጅ ለቀጣዩ መስቀል ገጿን ለይታ ብትመጣ አያቷ በርበሬውን ደግመው አይተው ይመርቋታል። አባቷ ደግሞ ለብቻቸው ጠርተዋት «ያኛውንስ እንዴት አደረግሽው?» ቢሏት፣ ሳትፈራ ልታሳያቸው ትችላለች።