ጆሮ፣ ልብ እና ዓይን፦ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ልጆች የጤና ፈተና

አውስትራሊያ ከዓለማችን ባለጸጋ አገሮች አንዷ ናት። ሆኖም የድሃ አገር በሽታ የሚባሉ ሕመሞች ዛሬም በምድሯ ሕጻናትን ያሰቃያሉ። የሚጠቁት በአብዛኛው የአገሪቱ ነባር ባለቤቶች የሆኑት የአቦርጅኖችና የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ተወላጆች ልጆች ናቸው። እነዚህ ሕዝቦች ከአገሪቱ ነዋሪ 4 በመቶ አይሞሉም። እ.ኤ.አ ከ2020 እስከ 2022 በተሰበሰበ መረጃ መሠረት አማካይ ዕድሜያቸው ከሌሎቹ አውስትራሊያውያን በ8 ዓመት ገደማ ያንሳል። የዚህ ልዩነት ሥር የሚጀምረው ከልጅነት ነው።

ጆሮ

ሕጻን ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫንና መካከለኛውን ጆሮ የሚያገናኘው ጠባብ ቱቦ ይደፈናል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ባክቴሪያ ሲገባበት ይመግላል፤ አንዳንዴም መግሉ ታምቡሩን ቀዶ ይወጣል። አብዛኞቹ ልጆች በአጭር ጊዜ ይድናሉ። ከከተማ ርቀው በሚገኙ የአቦርጅን መንደሮች ግን ሕመሙ በተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጀምርና እየተመላለሰ ለዓመታት ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጆሯቸው ሳያቋርጥ የሚመግል ልጆች በአንድ አካባቢ ከ4 በመቶ ከበለጡ አስቸኳይ እርምጃ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። በአንዳንዶቹ መንደሮች የተገኘው ቁጥር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጉዳቱ በጆሮ ብቻ አያበቃም። አፍ በሚፈታበት ዕድሜ በደንብ የማይሰማ ልጅ ንግግሩ ይዘገያል። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ የሚለውን አይሰማም። ሰነፍ ወይም እምቢተኛ ይባላል፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ይጠላል።

ልብ

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጆችን ጉሮሮና ቆዳ ያጠቃል። ሕክምና ሳያገኝ ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ሲደጋገም የልብ ቫልቮችን ያበላሻል፤ ልጁም ቀዶ ሕክምና እስከሚያስፈልገው ድረስ ሊደርስ ይችላል። በሰሜናዊው የአውስትራሊያ ግዛት በሚኖሩ አቦርጅኖች ዘንድ የተመዘገበው የዚህ በሽታ መጠን በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንዴ የታመመ ልጅ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። መርፌው ሲቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

ዓይን

ትራኮማን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በዓለም ላይ ትልቁን የትራኮማ ጫና ከተሸከሙ አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚዋ ናት። በልጅነት የሚጀምረው ይህ የዓይን በሽታ ሲደጋገም የዓይን ቆብን ያጠባብሳል፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል። በሀብታም አገሮች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ የቆየው በአውስትራሊያ ብቻ፣ በአቦርጅን መንደሮች ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንዳንዶች የዘር ጉዳይ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ያሳያል። ከመቶ ዓመት በፊት የነጮቹ ሰፋሪዎች ልጆችም በትራኮማ ይታመሙ ነበር። በሽታው ከእነሱ መካከል የጠፋው አንቲባዮቲክ ከመስፋፋቱ በፊት ነው፤ ያጠፋውም ንጹሕ ውሃና የተሻለ ቤት ነው። አቦርጅኖች ግን መሬታቸውን ተነጥቀው በመጠለያ ሠፈሮች ታጎሩ። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙ ልጆች በመንግሥት ትእዛዝ ከወላጆቻቸው ተነጥቀዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ ለዚህ በደል በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ የካቲት 13 ቀን 2008 ነው። ዛሬም በብዙ መንደሮች አንድ ጠባብ ቤት ብዙ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ የተበላሸ ቧንቧ ጠጋኝ ያጣል። ከላይ ያየናቸው ሦስቱም በሽታዎች የሚራቡት በእንዲህ ዓይነቱ መጨናነቅና የውሃ ችግር ውስጥ ነው።

የሠራው መፍትሔ

እ.ኤ.አ በ1971 አቦርጅኖች በሲድኒ ሬድፈርን ሠፈር የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚመሩ እንዲህ ያሉ የጤና ተቋማት ከ140 በላይ ናቸው። እናቶች የሚያውቋቸውና ቋንቋቸውን የሚሰሙ ሠራተኞች ስላሉባቸው ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በክትባት ረገድም ተስፋ ታይቷል፤ በ2020 አካባቢ 5 ዓመት ከሞላቸው ነባር ሕጻናት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሙሉ ክትባት አግኝተው ነበር። በ2009 በተጋላጭ መንደሮች 15 በመቶ ይጠጋ የነበረው የልጆች ትራኮማ በመድኃኒትና በፊት መታጠብ ዘመቻ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል።

ያልተሳካም አለ። መንግሥት ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ሞት ላይ ያለውን ልዩነት እስከ 2018 በግማሽ ለመቀነስ የገባው ቃል አልተፈጸመም። በ2020 አዲስ ስምምነት የተፈረመ ሲሆን፣ በዚህኛው የነባር ሕዝቦች ተቋማት ራሳቸው ፈራሚ ሆነዋል።

ለእኛስ?

እነዚህ ሦስት በሽታዎች በየሠፈራችን አሉ። ስለዚህ የልጅ ጆሮ ሲመግል "ሲያድግ ይተወዋል" ብለን አንለፈው፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ጉሮሮውን አሞት የሚያተኩሰው ልጅ ይመርመር። መርፌ የታዘዘለት ልጅ ደህና ቢመስልም ሐኪሙ ሳይፈቅድ አያቋርጥ። ልጆቻችንን ከዉዱእ ጋር ፊት በደንብ መታጠብን እናስለምዳቸው።

ለመድረሳ ዑስታዞችም አንድ አደራ አለን። ሲጠሩት የማይመልስ፣ ቁርኣን ሲቀራ ፊደሉን የሚያሳስት ልጅ ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ወላጆቹ ጆሮውን እንዲያስመረምሩት ንገሯቸው። ምናልባት እምቢ ብሎ ሳይሆን አልሰማ ብሎት ይሆናል። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።