ጣቱ የማን ነው?

ሐምሌ ሲገባ በባሕር ዳር የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ሰልፉ ይረዝማል። ፋሲሎም ሆነ በላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ፣ ክረምቱን በጃንጥላ እየተከላከለ የሚቆመው ነጋዴ አብዛኛው የዓመት ግብሩን ከፍሎ ለመገላገል የመጣ ነው። ከመካከሉ ግን ሌላ ጉዳይ የገጠመው አይጠፋም። አንዱ ንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት) ሲጠይቅ «በስምዎ ያላሳወቁት ሽያጭ አለ» ይባላል። ሌላው ነግዶ አያውቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ድርጅት እንዳለውና የታክስ ዕዳ እንዳለበት ግን ደብዳቤ ደርሶታል። ሁለቱም ከዚያ ወጥተው የሚሄዱት ወደ ሒሳብ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ቁጥሩን ከማየቱ በፊት የሚጠይቀው መታወቂያቸው በማን እጅ ገብቶ እንደነበር ነው።

ይህ በሰው ስም የሚሠራ የግብር ወንጀል አሜሪካ ውስጥ ሌላ መልክ አለው። ሌባው በሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የዓመቱን ታክስ ቀድሞ ያሳውቅና ተመላሹን ገንዘብ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው የራሱን ሲያስገባ «ቀደም ብሎ ገብቷል» ተብሎ ሲመለስበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ያለው የባሕር ዳር ሰው ይህን በስልክ ሰምቶ ይሆናል። የአገሪቱ የገቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ለዚህ ያበጀው መላ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አሃዝ ምስጢር ቁጥር ነው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማንነቱን ያረጋገጠ ሁሉ ጠይቆ ያገኘዋል። በእኛ አገር የደመወዝተኛውን ግብር አሠሪው ቀንሶ ያስገባለታል፤ ዓመት ተጠብቆ የሚመለስ፣ ሌባ የሚያደባበት ገንዘብ የለም። እዚህ የሚፈለገው ስሙ ነው፤ በስሙ ፈቃድ ይወጣበታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥበታል።

ሒሳቡን እንመልከተው። አንድ ኩባንያ ያልገዛውን የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ እንደገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ አገኘ እንበል። ደረሰኙ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 150,000 ብር ተጽፏል፤ ኩባንያው ይህን ለመንግሥት ማስገባት ካለበት ታክስ ላይ ይቀንሳል። 1 ሚሊዮኑን ደግሞ ወጪ ብሎ ይመዘግባል። የድርጅት የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ በዚህም 300,000 ብር ይቀርለታል። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት 450,000 ብር! ደረሰኙን የሸጠው ሰው ከዚህ ላይ ድርሻውን ይቀበላል፤ ሰበሰብኩ ያለውን 150,000 ብር አያስገባም፣ ሽያጩንም አያሳውቅም፣ ጥቂት ወራት ሠርቶ ቢሮውን ዘግቶ ይጠፋል። ዕዳው ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚከተለው ፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ስም ነው። በ2011 ዓ.ም. ገቢዎች ሚኒስቴር በሐሰተኛ ደረሰኝ የተጠረጠሩ ድርጅቶችን ስም ይፋ ሲያደርግ የሕዝቡ ዓይን ያረፈው በኩባንያዎቹ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለው መዝገብ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሌላው ነገር፣ ደረሰኝ ሻጩ በሐሰተኛ መታወቂያ መመዝገቡና በሰጠው አድራሻ አለመገኘቱ፣ ብዙም አልተወራለትም።

ጣና ዳር ያለው ታሪክ ግን ሁልጊዜ የወሮበላ ታሪክ አይደለም። ከአስጋሪዎች አምባዛና ቀረሶ እየሰበሰበ ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች የሚያቀርብ አንድ ወጣት እናስብ። ፈቃድ የለውም፤ ሆቴሉ ደግሞ ያለ ሰነድ የከፈለውን ወጪ ኦዲተር አይቀበለውም። በዚያ ላይ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ቀንሰው እንዲያስቀሩ ከሚያስገድዳቸው ገዥዎች አንዱ ከሆነ፣ አቅራቢው የታክስ ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ካላቀረበ የሚቀነስበት 30 በመቶ ነው። ከ50,000 ብር ዓሣ ላይ 15,000 ብር ቀርቶበት የሚያተርፍ ልጅ የለም። ስለዚህ «አጎቴ ሱቅ አለው፣ በእሱ ቲን ይሁን» ይላል። አጎትየው ለዘመድ እምቢ አይልም። ሆቴሉ የቀነሰውን በአጎትየው ስም ያሳውቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ከሦስተኛ ወገን የደረሰውን መረጃ ከአጎትየው የግብር ማስታወቂያ ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱን ያገኘዋል።

እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ከባለሙያው ጋር የሚያደርገው ንግግር ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም።

«ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ሳሙናና ዘይት ነው፤ ዓሣው ከየት መጣ?»

«ጋሼ፣ ቲንዎን ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«ለሰውማ አልሰጠሁም። ለእህቴ ልጅ ነው የሰጠሁት።»

የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሌላ ሰው መለያ ቁጥር የተጠቀመውንም፣ የራሱን ለሌላ ያዋሰውንም በወንጀል ይጠይቃል። የእህት ልጅ የሚል ልዩ ሁኔታ የለውም።

ስም ከባለቤቱ እጅ የሚወጣበት አንዱ መንገድ እንዲህ ያለው ማዋስ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ኮፒ ነው። አንድ የከተማ ሰው የመታወቂያውን ኮፒ ለቤት ኪራይ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለማኅበር፣ ለዕቁብ፣ ለደላላ ሲሰጥ ይኖራል፤ የትኛው የት እንደቀረ የሚያስታውስ ግን ማግኘት ያስቸግራል። የቀበሌ መታወቂያ በእጅ ተሞልቶ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ነው። ከዘጌ ወይም ከሌላ የሐይቅ ዳር ቀበሌ የተሰጠውን አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ በምን መዝገብ ያጣራዋል? ፎቶው ተቀይሮ፣ ስሙ እንዳለ ሆኖ፣ ንግድ ፈቃድ ሲወጣበት ኖሯል። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ውክልና ነው። ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ቤቴን አስተዳድር ብሎ የሚሰጠው ውክልና አንዳንዴ ንግድ መክፈትን፣ የግብር ሰነድ መፈረምን፣ ከባንክ መበደርን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የተዘጋጀውን ቅጽ አንብቦ የማይፈልገውን የሚሰርዝ ወካይ ጥቂት ነው።

መለያ ቁጥሩ በጣት አሻራ ይሰጥ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ይሰጣል። አሻራው የተሠራው ግን አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳይይዝ ነው፤ መንግሥትን እንጂ ስሙ የተሰረቀውን ሰው ለመጠበቅ አልታሰበም። ሌባው በሌላ ሰው ስም ገብቶ የራሱን ጣት ቢያስነሳ፣ ያ ጣት ቀድሞ እስካልተመዘገበ ድረስ ማሽኑ የሚያውቀው ነገር የለም። ባለ ስሙ በዚያች ቀን ባሕር ዳር ሆኖ የራሱን ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ለባለሙያው ግን ከወረቀቱ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይኸው አሻራ ነው። ሒሳቡን፣ ደረሰኙን፣ ፊርማውን መከራከሪያ ማድረግ ይቻላል፤ ክርክሩ ግን ይረዝማል። በፋይሉ ያለው አሻራና ፎቶ የባለጉዳዩ አለመሆኑ ከታወቀ ነገሩ የግብር ክርክር መሆኑ ቀርቶ የወንጀል ምርመራ ይሆናል፤ ዕዳውም ሌላ ባለቤት ይፈለግለታል። በተቃራኒው ጣቱ የራሱ ከሆነ፣ ማለትም ደላላ አሳምኖት፣ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ ወይም ለዘመድ ብሎ ራሱ ሄዶ ያስነሳው ከሆነ፣ «ተጭበርብሬ ነው» ማለቱ ብቻ አያወጣውም። የተሰረቀውንና ያዋሰውን የሚለየው ይህ ነው፤ ባለጉዳዩ ሲያለቅስ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ የጣትና የዓይን አሻራ ይወስዳል፤ ከቀበሌ ወረቀት ጋር የሚወዳደር አይደለም። በሌላ ሰው ስም ድርጅት መክፈትን እጅግ ያከብደዋል። የሚያሳዝነው አጠቃቀማችን ነው። ካርዱን በላስቲክ ለማሳተም ወደ ኮፒ ቤት የሚሄደው ሰው ቁጥሩንም፣ በስልኩ የገባውን የማረጋገጫ ኮድም ለኮፒ ቤቱ ልጅ ጮክ ብሎ ይነግራል፤ ሌላው ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ፋይሉም ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡም አልረዳም፤ ብዙ ሰው ሰነዱን ራሱ ከማውረድ ይልቅ መስመር ላገኘ ሰው መስጠትን ለመደ። መስመሩ ቢመለስም ልማዱ አልቀረም።

ጥንቃቄው ወጪ የለውም። ኮፒ የሚሰጥ ሰው ወረቀቱ ላይ፣ ፎቶውንና ስሙን አቋርጦ፣ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብሎ ቀኑን ይጻፍበት፤ እንዲህ የተበላሸ ኮፒ ፈቃድ ለማውጣት አይመችም። ንግዱን ያቆመ ሰው ሱቁን መቆለፉ አይበቃውም፤ ፈቃዱን መልሶ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ካለውም አዘግቶ፣ የመጨረሻውን ክሊራንስ መያዝ አለበት። ክፍት የቀረ ቲን ለሚዋሰውም ለሌባም የተመቸ ነው። ውክልና የሰጠ ሰው ጉዳዩ ሲያልቅ ይሻረው፤ መሻሩን ለተወካዩ ብቻ ሳይሆን ውክልናው ሊቀርብባቸው ለሚችሉ መሥሪያ ቤቶችም ያሳውቅ። ማረጋገጫ ኮዱን ጠይቆ የሚደውል «የገቢዎች ሠራተኛ» ደግሞ ሠራተኛ አይደለም።

ዕዳው አንዴ በስሙ ከመጣ ግን ቀኑ መቆጠር ይጀምራል። አዋጅ 983/2008 በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ የሰጠው 21 ቀን ነው። ብዙው ባለጉዳይ የመጀመሪያውን ሳምንት ደላላውን ወይም ዘመዱን ሲፈልግ፣ ሁለተኛውን ሽማግሌ ሲልክ ያሳልፈውና ባለሙያው ዘንድ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ቀን ይሆናል። ባለሙያው በዚያች በቀረችው ጊዜ ሁለት ማመልከቻ ያዘጋጃል። አንዱ ለፖሊስ ነው። ሁለተኛው ለገቢዎች ቅርንጫፍ ሆኖ፣ ከቅሬታው ጋር የምዝገባ ፋይሉ ቅጂ እንዲሰጥና በፋይሉ ያለው አሻራና ፎቶ ከባለጉዳዩ ጋር እንዲመሳከር ይጠይቃል። ፊርማ ከማስፈረሙ በፊት ግን በሩን ዘግቶ፣ ቤተሰብ አብሮ ከመጣም ውጭ እንዲጠብቅ አድርጎ፣ ያችን ጣት መቼም የትም አስነሥቶ እንደሆነ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቀዋል። ምክንያቱም ማመልከቻው ከገባ በኋላ መልሱን የሚሰጠው ማሽኑ ነው።