የተሽከርካሪ ጎማ ጥንቃቄና ተመጣጣኝ ጭነት፡ ከጉዞ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

እንደሚታወቀው የበዓላት ወቅት በተቃረበ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ ክልሎች፣ ከክልሎችም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው የሰውና የጭነት እንቅስቃሴ በእጅጉ ይጨምራል። በዚህ ወቅት ሚኒባሶችና በተለምዶ «ቅጥቅጥ» እየተባሉ የሚጠሩት መለስተኛ አውቶቡሶች ትርፍ ሰው ከመያዛቸውም በላይ እህል፣ ሽንኩርትና በግ ሳይቀር በፖርቶ መጋላቸው ላይ ጭነው ይጓዛሉ። ተሽከርካሪው ያለ ችግር ከደረሰ የተጫነው ሁሉ በልኩ እንደነበረ ይታሰባል፤ በቀጣዩ ጉዞም ያው ይደገማል። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የሚፈነዳ ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ቀደም ብሎ፣ ጭነቱና የጎማው አየር ሳይመጣጠኑ ተሽከርካሪው ከመነኸሪያ በወጣበት ሰዓት ነው። ይህ ጽሑፍ የጎማና የጭነትን ግንኙነት በማስረዳት አሽከርካሪዎች፣ ባለንብረቶችና ተሳፋሪዎች ከጉዞ በፊት ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ያመለክታል።

ጭነቱን የሚሸከመው አየሩ ነው

የጎማ ላስቲክና በውስጡ ያለው ሽቦ በዋናነት አየሩን አምቀው ይይዛሉ፤ የተሽከርካሪውን ክብደት የሚሸከመው የታመቀው አየር ነው። አየሩ ከሚፈለገው በታች ሲሆን የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ከመጠን በላይ ይተጣጠፋል። ይህ መተጣጠፍ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ከሽቦው እያላቀቀ ጎማውን ከውስጥ ያደክመዋል። ከልክ ያለፈ ጭነትም የሚያስከትለው ይህንኑ ጉዳት ነው። በመሆኑም ጎማው አዲስ ቢሆንም አየሩ ካነሰ ወይም ጭነቱ ከበዛ ከአደጋ አያድንም።

እያንዳንዱ ጎማ የሚችለው ክብደት በጎኑ ላይ በቁጥር ተመልክቷል። ለምሳሌ «106/104» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ለብቻው ሲገጠም እስከ 950 ኪሎ ግራም፣ በጥንድ ሲገጠም ደግሞ እያንዳንዱ እስከ 900 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል። ይህ አቅም የሚገኘው ግን ጎማው አምራቹ ለዚያ ክብደት የወሰነውን ያህል አየር ሲይዝ ብቻ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

የአየር መጠን አለካክ

የጎማ አየር መለካት ያለበት ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ይኸውም ተሽከርካሪው ቢያንስ ለ3 ሰዓታት ከቆመ በኋላ ነው። በጉዞ ላይ ጎማው ስለሚሞቅ የአየር ግፊቱ መጨመሩ የተለመደ ነው። አንዳንድ አሽከርካሪዎች በተለይ ወደ አፋርና መሰል ቆላማ አካባቢዎች ሲወርዱ «ጎማው እንዳይፈነዳ» በማለት በመንገድ ላይ አየር ያስተነፍሳሉ። ይህ አሠራር የተሳሳተ ነው። የተነፈሰው ጎማ የበለጠ ይተጣጠፋል፣ የበለጠም ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከልኩ በታች ሆኖ ይገኛል።

በእግር መትቶ ወይም በዓይን ተመልክቶ አየሩን መገመትም አያስተማምንም። በተለይ ጥንድ ጎማ ባላቸው ተሽከርካሪዎች የውስጠኛው ጎማ ቢተነፍስ በቀላሉ አይታይም፤ የውጪው ጎማም የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይዞ ይጓዛል። ስለሆነም ስኮርታውን ጨምሮ ሁሉም ጎማዎች በመለኪያ ሊረጋገጡ ይገባል።

የጎማ ዕድሜና አለባበስ

በጎማው ጎን ላይ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። «3521» ማለት በ2021 35ኛ ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው በ«13» የሚያበቃ ቁጥር አይቶ ጎማው በ2013 ዓ.ም. የተመረተ ቢመስለው ከ7 ዓመት በላይ ይሳሳታል። በርካታ አምራቾች ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም እንኳ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ጎማ እንዲቀየር ይመክራሉ።

የጎማው አለባበስም ምልክት ይሰጣል። ሁለቱ ጠርዞች ቀድመው ካለቁ አየሩ እያነሰ መቆየቱን፣ መካከሉ ካለቀ አየሩ መብዛቱን፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእግር አሰላለፍ ችግር መኖሩን ያሳያል። በጎኑ ላይ እብጠት ወይም ሽቦ የሚያሳይ ስንጥቅ ያለበት ጎማ ግን ለአንድ ጉዞም ቢሆን መገጠም የለበትም።

ጭነትን በልክና በቦታው

የተሽከርካሪው የመጫን አቅም በሊብሬው ላይ ተመልክቷል። በዚህ መጠን ውስጥ የሚቆጠረው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ተሳፋሪውም ይቆጠራል። በፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን 3 ኩንታል እህል 300 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 5 ሰዎችን በጣሪያ ላይ እንደማስቀመጥ ይቆጠራል። ክብደቱ ወደ ላይ ሲወጣ ተሽከርካሪው በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል።

ስለሆነም ከባድ ዕቃ ከታች፣ በተቻለ መጠንም በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ሊጫን ይገባል። ከኋላ እግር አልፎ የተከመረ ጭነት የፊት እግርን ስለሚያቀለው መሪው በአግባቡ አይታዘዝም። ዕቃው በገመድ በሚገባ ካልታሰረ በድንገተኛ ፍሬን ወቅት ተንሸራቶ የተሽከርካሪውን ሚዛን ያናጋል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ አሽከርካሪ ትርፍ ጭነት የሚያስከትለውን ጫና በጎማውም በፍሬኑም ላይ ያየዋል፤ የጋለ ፍሬን ሙቀቱን ለቸርኬውና ለጎማው ያስተላልፋልና።

ጎማ በጉዞ ላይ ቢፈነዳ

አሽከርካሪው ፍሬን በኃይል ከመያዝ ተቆጥቦ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ መያዝ፣ እግሩን ቀስ በቀስ ከነዳጅ መስጫው ማንሳትና ፍጥነቱ ሲቀንስ ዳር መያዝ ይኖርበታል። ጎማው ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የጎማው ቡሎኖች ዳግም መጥበቅ አለባቸው።

የጋራ ኃላፊነት

ጥንቃቄው ለአሽከርካሪው ብቻ የሚተው አይደለም። የዕለት ገቢ እየተመነ ያለቀ ጎማ የማይቀይር ባለንብረት፣ ጭነት የሚደራርብ ረዳት፣ «ትንሽ ዕቃ ናት» ብሎ ተጨማሪ ኩንታል የሚያስጭን ተሳፋሪ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ተሳፋሪው ትርፍ ሰው ወይም ጭነት ሲመለከት «አልሳፈርም» የማለት፣ በአቅራቢያው ለሚገኝ የትራፊክ ፖሊስ ወይም የመነኸሪያ ስምሪት ሠራተኛም የማሳወቅ መብት አለው።

ከመነኸሪያ ከመውጣት በፊት አየር ለመለካትና ጭነት ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በመሆኑም ሁሉም የዘርፉ ተዋንያን እነዚህን ነጥቦች የዘወትር ተግባራቸው አድርገው የራሳቸውንና የወገኖቻቸውን ሕይወት ከአደጋ እንዲጠብቁ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ያሳስባል።